በሸምሲያ ስም የተገዛው ቤት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሐረገወይንን ሁለተኛ ስም ግን ያወጣላት ደላላ ነው። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ወሎ ውስጥ፣ «በክርስቲያን ስም ሳዑዲ መግባት ያስቸግራል» አላትና የጎረቤቷን ልጅ የሸምሲያን የቀበሌ መታወቂያ ተውሳ ፓስፖርት አወጣችበት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሸምሲያም የልብ ጓደኛዋ ነበረችና «ውሰጂው፤ እኔ እንደሆን የትም አልሄድ» ብላ እየሳቀች ሰጠቻት። ሁለቱም ገና ልጃገረዶች ነበሩ፤ ስም እንደ ነጠላ ተውሰው የሚመልሱት ነገር መስሏቸው ነበር።

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር፣ የሰው ቤት ስታጸዳ፣ ስታበስልና የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖረች። ለአሠሪዋ ለማዳሟ ሸምሲያ ናት፤ ለመኖሪያ ፈቃዷ ለኢቃማውም ለባንኩም ሸምሲያ ናት። ሐረገወይን ብሎ የሚጠራት ወንድሟ ዘሪሁን ነው፣ ያውም ከአገር ቤት ሲደውል። ማዳሟ በየረመዳኑ ቤተሰቡን ሰብስባ ለዑምራ ወደ መካ ስትነሣ ሐረገወይንን ወገቧን ያማታል። በሰው ስም እንጀራ መብላቱስ ይሁን፤ በሰው ስም የመካው መስጊድ ሐረም መግባቱን ግን ፈርታዋለች። ማዳሟም «ምስኪን፣ ሁልጊዜ በዚህ ወር ይነሣባታል» እያለች መድኃኒት ትታ ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ የቻለችው ለአንድ ነገር ነው፤ ለቤት። ባለፈው ዓመት ዘሪሁን በውክልና እዚያው ወሎ ሁለት ክፍል ቤት ገዛላት። ገንዘቡ በሸምሲያ ስም ስለተላከ ውሉም በሸምሲያ ስም ሆነ። የቀረው የስም ማዛወሪያ ግብሩ ብቻ ነበር። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ከውጭ በባንክ በተላከ ገንዘብ የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሰው ግብሩን እንደሚተው ሰማች። ከተተወላት በዚሁ ዓመት ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። ካልተተወላት የሁለት ዓመት ኮንትራት ትፈርማለች፤ ጉልበቷ ደግሞ አሁን ደረጃ መውጣት እንኳ እንቢ እያላት ነው።

ቆንስላው በር ላይ ለሰው ቅጽ እየሞላ የሚያድረው አንዷለም ማመልከቻውን ጻፈላት። «ከዚህ በፊት በስሜ የተመዘገበ ቤት ኖሮኝ አያውቅም» ከሚለው ሥር ፈረመች። ውሸት አልመሰላትም። በዚያ ስም የምትጠራ፣ በዚያ ስም የምትኖር ሌላ ሴት አገር ቤት መኖሯ ትዝም አላላት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ስም የለበሰ ሰው የራሱ ይመስለዋል፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው።

ግብሩ ተተወላት። ዘሪሁን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከላት፤ ማድቤት ቆማ በደስታ አለቀሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሕመት ደወለች። ራሕመት የሸምሲያ ታላቅ እህት ናት፤ መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ልብስ ትሰፋለች። በዓል ሲመጣ ይደዋወላሉ፤ ያን ቀን ግን በዓል አልነበረም።

«ሐረጌ፣ ቤት ገዛሽ እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ቀበሌ ነገረን። ሸምሲያ በጦርነቱ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲያ ኪራይ ቤት ናት። ቤት ለሌለው መሬት ይሰጣል ተብሎ አራት ዓመት ወረፋ ጠበቀች። ሰኞ ዕለት ተራዋ ደረሰ፤ ሄደች። ‹አንቺማ ቤት አለሽ፤ ከጅዳ ልከሽ ገዝተሻል፣ ግብርም ተትቶልሻል› ብለው ሰረዟት። ሦስት ልጅ ይዛ፣ ሱብሃነላህ! ሰው ሁሉ እንደ አጭበርባሪ እያያት ወጣች።»

«እኔ… አላሰብኩትም፣ ራሕመት።»

«እንዳላሰብሽውማ ወላሂ አውቃለሁ። ልወቅስሽ አይደለም የደወልኩት። አስተካክዪው።»

በነጋታው አንዷለም ዘንድ ሄደች። ነገሩን ሰምቶ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«እህቴ፣ ሸምሲያ አይደለሁም ካልሽ ፓስፖርቱ ሐሰት ነው። ኢቃማሽም ኻላስ፣ አለቀ። ቤቱንም የገዛው ሰው የለም ማለት ነው።»

«ብሸጠውስ?»

«ብትሸጪውም ስሟ አንዴ መዝገብ ገብቷል። ሸምሲያ የምትባል ሴት ከእንግዲህ ቤት ኖሮኝ አያውቅም ማለት አትችልም፤ አንቺም ብትሆኚ፣ እሷም ብትሆን።»

ጥፋቱን የምትጭንበት ሰው ፈለገች። ደላላውን ረገመችው፤ እሱ ግን ከሞተ ቆይቷል። ጦርነቱን ረገመች። ዘሪሁን ላይ ጮኸችበት፤ እሱም ምን አጠፋሁ ብሎ ስልኩን ዘጋባት። በመጨረሻ ሁሉም ዞሮ እሷው ላይ መጣ። ቤቱን ዝም ብላ ልትይዘው አሰበች፣ አሰበችም እንጂ፤ ልጆች የያዘች ሴት በገዛ ስሟ ተባርራ ስትወጣ ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

ዓርብ ዕለት፣ ማዳሟ ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ፣ ሸምሲያ ዘንድ ደወለች። ድምፅ ለድምፅ ከተደማመጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«ሸምሲያ፣ እኔ ነኝ። የቤቱ ካርታ በስምሽ ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ግቢበት።»

ሸምሲያ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ አለቀሰች፤ «አላህ ይጨምርልሽ፣ አላህ ከክፉ ይሰውርሽ» እያለች መረቀቻት። ሐረገወይንም አለቀሰች። ጥቂት ጊዜ እንደ ድሮው ሆኑ፤ ስለ ልጆቹ ስም፣ ስለ ሸምሲያ እናት ሞት አወሩ።

ሐረገወይን ቀስ ብላ የሆዷን አወጣች።

«ሁለት ክፍል ናት። እኔ ስመጣ፣ ትንሿን ክፍል ትተዪልኛለሽ፣ አይደል?»

ወዲያ ማዶ ከኋላ ሕፃን ሲነጫነጭ ይሰማል።

«እስኪ አባታቸውን ልጠይቀው» አለች ሸምሲያ።