የትነበርሽ ከፀሐይ የተሸሸገችበት ወር

ኮሶዬ ላይ፣ ወደ ደባርቅ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ለሾፌሮች ምሳ የምታቀርበውን የትነበርሽን የማያውቃት የለም። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ድንቹን ራሷ ትቆፍራለች፣ እንጨቱን ራሷ ትፈልጣለች፤ ነገረኛ ሾፌር ቢመጣባት ደግሞ በምላሷ ልኩን አስገብታ ትሸኘዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ትፈራለች ብሎ ማን ያስባል?

ፈራች። ያለ ጊዜው ደም ቢፈሳት ጎንደር ወርዳ በተመረመረችበት ሐኪም ቤት፣ «የማህፀንሽ በር ላይ መልኩ የተለወጠ ነገር አለ፤ ካንሰር አልሆነም፣ ከተተወ ግን ሊሆን ይችላል» አሏት። ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና መኖሩን ነግረው ፈቃዷን ጠየቋት፤ እሺ አለች። መጀመሪያ በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት፤ ከሁለት ቀን በኋላ የታመመው ቦታ ላይ ቀይ ብርሃን አበሩበት። መድኃኒቱ ብርሃን ሲያገኝ ነው በሽታውን የሚገድለው። ስትወጣ ሐኪሟ ክንዷን ይዛ፣ «መድኃኒቱ ከሰውነትሽ እስኪወጣ ሠላሳ ቀን ፀሐይ እንዳይነካሽ፤ ያቃጥልሻል» አለቻት።

ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። በስንጥቁ የምትገባው ፀሐይ ወደ መደቡ በቀረበች ቁጥር እግሯን ትሰበስባለች። ያስፈራት ፀሐይ ብቻም አልነበረም፤ መዳኗንስ በምን ታውቃለች? ለጎረቤት «ታምሜ ነው» ከማለት በቀር አልተናገረችም። ባል የሌላት ሴት የማህፀን ነገር እንዴት አድርጋ ትናገር?

በአገሩ ደግሞ ምች እንዳይመታት ብላ ከፀሐይ የምትደበቅ ሴት አራስ ናት፤ አራስ ካልሆነች ያስወረደች ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ እሷ ዘንድ የደረሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ያውም ዳኛው በሚባለው በባሏ ታላቅ ወንድም አፍ። ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ በእኩለ ቀን ደጇ ላይ ቆመ።

«ውጪና እንይሽ!»

«አያ ዳኛው፣ ፀሐይ ተከልክያለሁ። ሐኪም ነው የከለከለኝ።»

«ምነው፣ የማን ልጅ ነው ፀሐይ ያስከለከለሽ? የወንድሜን ቤት አታረክሺም! ካልወጣሽ ቤቱን ትለቂያለሽ!»

ብትወጣ ትቃጠላለች፤ ባትወጣ ስሟም ቤቷም ይሄዳል። አለቀሰች። ከዚያ ጋቢዋን ተከናንባ በሩን ገርበብ አደረገችና ግራ እጇን ብቻ እስከ ክርኗ ፀሐዩ ላይ ዘረጋች።

«እዩ እንግዲህ!»

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ዳኛው ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ እጇ ቀላ፣ አበጠ፤ እሷም እንደ ሕፃን ትጮህ ጀመር፤ ግን አልሰበሰበችውም። «በቃ! በማርያም፣ አስገቢው!» ያለው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ዳኛው መሬት መሬት እያየ ሄደ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፤ ከእሱ ማን ጠብቆ!

ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። የትነበርሽ ደነገጠች። የመጣችው የዳኛው ሚስት አባይነሽ ነበረች። አጠገቧ ተቀመጠችና ውሃ የቋጠረውን እጅ በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍን ጀመር።

«በጣም ያማል?»

«ያማል» አለችና ሐኪሞቹ ማህፀኗ ላይ ያገኙትን ሁሉ ነገረቻት።

አባይነሽ ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም አልነበረም።

«እኔም ያለ ጊዜው ደም ይፈሰኛል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለእሱ አልነገርሁትም።»