በበርጫ የተቀየረው አክስል

የፒክአፔን የኋላ አክስል በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ሰብሬዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ፣ ከየቡ ከተማ ከፍ ብሎ ወደ አባቴ ቤት በሚያስወጣው የመጨረሻ ዳገት ላይ። ዳገቱ ረጅም አይደለም። ቀይ ጭቃ ነው፣ መሃሉን ጎርፍ ቦርቡሮታል፣ እኔን ደግሞ ለይቶ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ከሁለተኛው ስብራት በኋላ መኪናውን ታች መንገድ ዳር እያቆምኩ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። ለእኔ ቀላል ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባቴ ግን ያንን ዳገት በእግር መውረድ አይችሉም። ጅማ መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ካዩ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው መካኒኬ አንድ መላ አለኝ አለ፤ የፒክአፑን አክስል አውጥቶ የትንሽ ጭነት መኪና አክስል መግጠም። ይህ ሰው «አይሆንም» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«ዳገቱን ይወጣል?» አልኩት።

«ይቻላል።»

«ነዳጅ ቢበላብኝስ?»

«እሱም ይቻላል» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ከዚያ አዲሱ አክስል ሰፊ ስለሆነ ጎማዎቹ በግራም በቀኝም ስንዝር ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጡ ነገረኝ። ፒክአፔ በጅማ መርካቶ መሃል እግሩን አንፈራጦ ሲሄድ ታየኝና ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

እኛ ከባድ ነገር የምናስበው በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጓደኛዬ ቤት ተሰበሰብን። ስንጀምር ሁሉም ተቃዋሚ ነበር፤ ደህና መኪና ማበላሸት ነው አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስሉን ቀየርነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ባሌስትራ ጨመርንለት። አስር ሰዓት ሲሆን አንዱ ይሄ ሞተር ለዚህ አክስል አይመጥንም አለ፤ ሞተሩንም ቀየርነው። መንዳት እንኳ የማይችለው ጨርቅ ነጋዴ ጓደኛችን ጣሪያው ላይ አራት መብራት ገጠመለት። ማንም ከፍራሹ አልተነሳም። እኔም ምርቃናው ጫፍ ሲያደርሰኝ ስልኬን አንስቼ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ አክስሉን ቀይሬዋለሁ። ጁምዓ በርዎ ድረስ እመጣለሁ፤ እዚያው ተሳፍረው እንወርዳለን።»

«ማሻአላህ። ዳገቱስ?»

«ዳገቱን ይርሱት። ብቻ መኪናው አሁን ሰፋ ብሏል፤ በግራም በቀኝም ስንዝር ስንዝር።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ሌላ አልጠየቁኝም።

እሑድ ጠዋት ሚስቴ ሻይ እያቀረበችልኝ «ትናንት የቀየራችሁት አክስል የት ነው የቆመው?» አለችኝ። ራሴን አመመኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ምክንያት ስሰበስብ ሰነበትኩ። ነዳጅ ይበላል፣ ሻንሲው ይነካካል፣ ሰው ይስቅብኛል። ረቡዕ ሲደርስ አለመቀየሩ ትክክል እንደሆነ ራሴን አሳምኜ ጨርሼ ነበር። የቀረኝ ለአባቴ መንገር ነው፣ በስልክ ደግሞ ፈራሁ። «ዕቃው ከገበያ ጠፋ» የምትል ውሸት አዘጋጅቼ ሐሙስ ሄድኩ፤ መኪናውን እንደ ልማዴ ታች አቁሜ ወጣሁ።

ግቢው ጋ ስደርስ የሰው ቤት የመጣሁ መሰለኝ። አጥሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል። በመግቢያው ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት የቡና ዛፎች ከጉልበት በታች ተቆርጠዋል፤ መቅላት የጀመረ ፍሬያቸውን እንደያዙ አጥሩ ስር ተከምረዋል። አባቴ ከእናቴ ጋር፣ እሷ በሕይወት ሳለች የተከሏቸው ናቸው። ያረጀ ቡና እንኳ «ትንሽ ይቆይ» እያሉ የሚያስታምሙ ሰው ነበሩ።

ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ልብሳቸውን በፌስታል አዘጋጅተው በሩ ላይ ሰቅለዋል። በምርኩዙ ከአንዱ ጉቶ ወደ ሌላው እየጠቆሙ አሳዩኝ።

«አንተ ስንዝር ብለሃል። የማን ስንዝር እንደሆነ ስላላወቅኩ እኔ ክንድ አደረግኩት» አሉ። «ይበቃዋል?»

ውሸቷ ከአፌ አልወጣ አለች። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አባባ፣ አክስሉ አልተቀየረም» አልኩ። «በርጫ ላይ ነው የቀየርነው።»

ጉቶውን በምርኩዛቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት፤ የተቆጡ አይመስሉም፣ እሱ ባሰብኝ።

«ይሄ ያቆጠቁጣል» አሉ በመጨረሻ። «በሦስት ዓመቱ መልሶ ያፈራል። የኔን ጉልበት ግን እንጃ።»

እዚያው ጉቶዎቹ መሃል ቆሜ መካኒኩ ጋ ደወልኩ።