የተረፈችው ቢጫ

ቀቢው ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ሲያሳምሩ ኖረው፣ ከየቤቱ የተረፈውን ቀለም በጓሮ ክፍላቸው ሲያከማቹ አረጁ። ቆርቆሮው ሁሉ ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ቀለሙ ራሱ ክዳኑን እንዲያሽገውና አየር እንዳይገባ። አንዴ የተደፋውን ያለ ሥራ የከፈተ ሰው ከእሳቸው ጋር አበቃለት።

አሁን ግን ሴት ልጃቸው አራስ ልጇን ይዛ እዚያው ክፍል ልትገባ ነው። ሕፃን ከዚህ ሽታ ጋር አላስተኛም፣ ወይ ቀለሙ ወይ እኛ አለቻቸው። እውነቷን ነው፣ ምን ይበሏት?

ወገባቸውን ታጥቀው ገቡበት። ደህናውን ለሚፈልግ ሰጡ፣ በተረፈው ነጭ ክፍሉን ቀቡ፣ የተበላሸውን ከአናጢው ባመጡት ሰጋቱራ እያቦኩ ፀሐይ ላይ አደረቁ። ጎረቤታቸው ቦይ ውስጥ ደፍተው ቢገላገሉስ ቢላቸው፣ አንተ የምትጠጣውን ውኃ ልበክልልህ እንዴ ብለው አፉን አስያዙት።

አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ብቻ ቀረች፤ ቢጫዋ። ሟች ባለቤታቸው «ደመቅ ይበል፣ ግን አይጩህ» እያለች ስታስመርራቸው፣ በጥብጠው በጥብጠው ያገኟት ቀለም ናት። እንዴት እንዳገኟት እሳቸውም አያውቁም። በዚህችው ቢጫ የተቀባው የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ፣ በሚስታቸው ራስጌ በኩል፣ ዝናብ ገብቶበት ተልጧል። በዚህች ሊጠግኑት ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ፤ ካለቀችባቸውስ?

ዛሬ ቆረጡና ከፈቷት። ደርቃለች።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሳቸው ነው። ሚስታቸው በናፈቀቻቸው ቁጥር ክዳኗን ከፈት አድርገው አይተው ይዘጉ ነበር። በሙያቸው የማያደርጉትን በናፍቆት አደረጉት። ቆርቆሮዋን ታቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ።

የደረቀውን ቆዳ በቢላ ሲገፉት ከሥሩ ማንኪያ የማትሞላ እርጥብ ቀለም ተገኘች። ለራስጌው ግድግዳ የትም አትደርስ። ብሩሻቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ክፍል ሄዱ።

ልጃቸው ሕፃኑን አቅፋ ስትገባ ነጩ ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ አየች። ግድግዳ ላይ ጠብታ ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አባቷ ምን ነካቸው?

«አባዬ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«እናትሽ ናት። የልጅ ልጇን ትየው ብዬ ነው።»

ልጅቱ የሕፃኑን አልጋ ጎትታ ወደዚያው ግድግዳ አስጠጋችው።