ሦስተኛዋ ላይ የቆመ ቆጠራ

ይህ የሆነው ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ባለው ቤታችን ነው። እስካሁን መኪና ሥር ተኝቼ ብሎን ስፈታ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

ልጄ ሺራ ዮናታን የሚባል ልጅ ልታገባ ፈለገች። ኦኒቨርሲታ፣ ማለት ዩኒቨርሲቲ፣ የጥንት ቋንቋ ያጠናል። አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ሊጠይቋት መጡ። በእኛ ወግ ከቀለበት በፊት የሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል።

የእኛን ቆጠርኩ። እናቱም የሟች ባላቸውን ወገን አንድም ሳይስቱ ቆጠሩ። ወደ ራሳቸው ወገን ሲመጡ ግን እናታቸውን ጠርተው አያታቸው ላይ ሲደርሱ አቀረቀሩ።

«የእሳቸው አባትስ?» አልኩ።

«ረሳሁት።»

ጠረጠርኩ። የባሏን ዘር ሁሉ የምታስታውስ ሴት የራሷን እንዴት ትረሳለች? ዘመዳሞች ነን፣ እየደበቁኝ ነው አልኩ በልቤ።

ዮናታን ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ፋሚሊያ የሚለው የላቲን ቃል ቤተሰብ ማለት ነው። ሮማውያን መጀመሪያ የሚሉት ለቤቱ አገልጋዮች ነበር። ፋሙሉስ፣ አገልጋይ ከሚለው የመጣ ነው። በጎረቤታቸው ቋንቋም ተመሳሳዩ አለ። ከዚያ ወዲያ ምንጩን በእርግጥ የሚያውቅ የለም።»

ይብሱን ጠረጠርኩ። ኪርያት ማታሎን በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ መኪና ሊሸጥ መጥቶ ስለ ቀለሙ ወሬ የሚያበዛ ሰው ሞተሩን አያስነካህም።

«ልጄ፣ የሮማውያንን ዘር አልጠየቅኩህም» አልኩት።

«አባ፣ ዳይ» አለች ሺራ በዕብራይስጥ። ይበቃል ማለቷ ነው። እኔን ግን አልበቃኝም።

እናቱ ቀና አሉ። «አያቴ በልጅነቷ ተሸጣ ከሩቅ አገር የመጣች ናት። አባቷን እሷም አታውቀው። እውነቱን ተናግረን ሁለት ቤተሰቦች ልጃችንን አንሰጥም ብለው መልሰውናል። እናንተም እንደዚያ ካላችሁ፣ በሰደር፣ ይሁን፣ እንሄዳለን» ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

ልጁ የአገልጋይ ወሬ ያመጣው ለዚህ ኖሯል። ዘመድ ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ ሽው እንዳለብኝ አልክድም። ሺራ ከእኔ አጠገብ ተነስታ እሳቸው ጎን ሄዳ ቆመች። ከሩቅ የመጣች ሴት ከእኛ ጋር ዝምድና የላትም፤ ወጉ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ብቻ ነበር።

«ስማቸው ማን ነበር?» አልኩ።

«የማን?»

«የአያትዎ።»

«ታጫውት» አሉ። እስከዚያ ቀን ስሟን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም ከታጫውት ጀምሬ ወደ ታች ቆጠርኩ። ዮናታን ጋ ስደርስ እናቱ ያለቅሱ ነበር።

አሁን ሠርጉ ደርሷል። ዘመድ የሙሽራውን ዘር ሲጠይቀኝ፣ ከታጫውት ነው እላለሁ፤ ደስ እያለኝ። ከዚያ በላይ ቆፍሮ የሚጠይቀኝን ሰው ግን፣ አመል ነውና፣ እሱን እጠረጥራለሁ።