ግድግዳ ላይ ያሉት ፊታውራሪ

ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ ጽጌ ናት፤ ወጥ ቤቷ ሆኜ ባዳምጥም ግማሹ አምልጦኝ ነበር። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ካለው ቤቷ ድረስ ሴት ልጇን ለአንድ ወጣት ሊጠይቁ ሽማግሌ መጡ። ሳሎኗ ውስጥ ደረቱን ሜዳሊያ የሞላው የጢማም ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፎቶው ከመጥቆሩ የተነሣ ፈረንጅነቱ አይለይም።

«እኚህ ማን ናቸው?» አሉ ሽማግሌው።

የጽጌ ባል ደረቱን ነፋ። «አያቴ፣ ፊታውራሪ ናቸው።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «እንግዲያው ጋብቻው ቀረ። የልጁም አባት እኚህኑ ሰቅሎ አያቴ ናቸው ይላል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም።»

ድስቱን ትቼ ብቅ አልኩ። ልጅቷ ታለቅሳለች።

«ዳዲ፣ ንገራቸው እንጂ። ኮልፋክስ መንገድ ካለው አሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው የገዛኸው፤ ኮፒው እዚያ ተደርድሯል። የድሮ እንግሊዝ የእሳት አደጋ አለቃ ነው።»

ልጆቹ ተጋብተው ሊትልተን ከተማ ይኖራሉ። የጽጌ ፎቶ ጋራዥ ገባ። የልጁ አባት ግን ዛሬም «አያቴ ናቸው» ይላል።