ለሽምግልና ሄደን ጨረቃ ላይ ቀረን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ፣ ከነጉልበቴ ሕመም ቆሜ ነበር... ወንበር ጠፍቶ አይደለም። ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነው። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማ አይቀመጥም።

ጉዳዩ የልጅ ልጄ የናታን ነው። ናታን እዚሁ ናይሮቢ አድጎ፣ እዚሁ ሳይንስ የሚያስተምር፣ እዚሁ ሊያ የምትባል ልጅ የወደደ ጎረምሳ ነው። አገር ቤት ቢሆን አያት ለልጅ ልጁ አይላክም ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ሽማግሌ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ እኔ፣ ምግብ ቤት ያለው ደምሴ እና መኪና ያለው ወርቁ ሦስት ሆነን ሄድን። ወርቁን የመረጥነው ለመኪናው ነው፤ ይህን ሲያነብ ይቀየመኛል።

ችግሩ የሊያ አባት ታምሩ ነው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ ደግ ሰው ነው፤ ሰው ጨረቃ ላይ ወርዷል ሲሉት ግን ደሙ ይፈላል። በቅርቡ አንድ ክርስትና ላይ ማንም አልወረደም እያለ ሲያወራ፣ የእኛው ናታን የማን አባት እንደሆነ ሳያውቅ «አክችዋሊ ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ብሎ ጀመረው... ስለ ሮኬቱ፣ ይዘው ስለመጡት ድንጋይ፣ ባንዲራው ለምን እንደተወዛወዘ፣ ጥብሱ እስኪቀዘቅዝ አስተማረው። በሰው ፊት። ሊያ ከማዶ ሆና በዓይኗ ስትለምነው፣ እሱ አድንቃው መስሎታል።

እንግዲህ ልጅ ልንለምን የሄድነው እዚህ ሰው ቤት ነው።

ገና ከበሩ ዘበኛው «ፓርኪንግ ኢሜጃ» አለን፤ ሞልቷል ማለቱ ነው። ወርቁ «እናንተ ግቡ፣ እኔ እየዞርኩ ቦታ ልፈልግ» አለን። ሁለታችን ደረጃውን ወጣን።

ታምሩ በሩን ከፍቶ ቆጠረን።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ በሁለት ተጀመረ እንዴ?»

«ሦስት ነን። ወርቁ ከታች በመኪና እየዞረ ነው።»

«እርስዎ ካሉ ይሁን። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ደምሴ ወጉን ጠብቆ ተናገረ። ታምሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማና «ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡንም አውቃለሁ» አለ። ደስ አለኝ፤ የምቀመጥበትን ወንበር በዓይኔ መረጥኩ።

«ግን...» አለ ታምሩ። «ያን ቀን በሰው ፊት አዋርዶኛል። እዚህ መጥቶ፣ ማንም ጨረቃ ላይ አልወረደም ይበለኝ። ያን ጊዜ ልጄን እሰጣለሁ።»

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። ናታንን አውቀዋለሁ። ይቅርታ ጠይቅ ቢሉት እግር ላይ ይወድቃል፤ አልወረዱም በል ቢሉት ግን ሳያገባ ይሸብታል። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ደግሞ ሊያ መልሱን ቆማ እየጠበቀች ነው፤ ጥላዋ ይታየኛል።

«ለምንድነው የማታምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከዌስትላንድስ እዚህ ለመድረስ ምን ያህል ፈጀባችሁ?»

«አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው።»

«አዩ። እነሱ ደግሞ በአራት ቀን ጨረቃ ደረስን ይላሉ።»

«እዚያ መንገድ የሚዘጋ ማታቱ ታክሲ የለማ።»

ደምሴ በክርኑ ጎሸመኝ። እኔ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ።

«ታምሩ፣ ወርቁን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ ሦስት ነን ስንልህ እንዴት ተቀበልከን?»

«እርስዎ ነገሩኛ።»

«እነዚያም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ወረዱ፤ አንዱ መንኮራኩሯን ይዞ ከላይ እየዞረ ጠበቃቸው። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ጨረቃን ሳይረግጣት ተመለሰ። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ እሱንም አብረው ያወርዱት ነበር። በውሸት ውስጥ ማን ውጭ ይቀራል?»

ታምሩ አገጩን አሸ። «እስቲ ለወርቁ ይደውሉለት» አለኝ።

ደወልኩ። በስልኩ የተቀዳችው ሴትዮ በስዋሂሊ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም አለችኝ።

«የት ገባ?»

«ከጨረቃ ጀርባ ነዋ» አልኩት። «የዚያኛውም እንዲሁ ነበር። ከጀርባዋ በዞረ ቁጥር ድምፁ ከምድርም ከጓደኞቹም ይጠፋ ነበር። የለም ግን አላሉም፤ ጠበቁት።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ አመለጠ። ታምሩ ወደዚያ ዞሮ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። የገዛ ልጁን አሳቅኩበት ማለት ነው። አበላሸሁት አልኩ በልቤ። ናታን ደግሞ ስልኩን ይዞ ቤት ቁጭ ብሏል፤ ምን ብዬ ነው የምደውልለት?

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ወርቁ ነው፤ በላብ ተጠምቋል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ ምን እንደተባለም አያውቅም። ታምሩ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰውም።

«ወርቁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሰው ጨረቃ ላይ ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

ወርቁ እኔን አየኝ፣ ደምሴን አየው... ማናችንም አልረዳነውም።

«ወንድሜ፣ የጨረቃውን እንጃ» አለ። «እኔ ኪሌሌሽዋ ላይ ማረፊያ አጥቼ ስዞር ነው የቆየሁት።»

ታምሩ ከንፈሩን ነከሰ። ሊቋቋመው ሞከረ... አልቻለም። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ ወንበሩን ሳበልኝ።

«ተቀመጡ ጋሼ። ልጄን ሰጥቻለሁ። ጨረቃን ግን አልሰጠሁም፤ ለናታን እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ።»

መልእክቱን አደረስኩ፤ ከራሴም አንድ ምክር ጨመርኩለት... ከአማትህ ጋር ቆመህ ጨረቃ ከወጣች፣ አንተ ጫማህን እይ።