እንጦጦን በኋላ ማርሽ

በደርግ ጊዜ ቀበና ካለው ግቢዬ ሁለት የኪራይ ክፍሎች በአዋጅ ሲወሰዱብኝ ዝም አልኩ። ምን ላድርግ? አዋጅ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ሲያድግ ያየሁት ልጅ፣ መጥቶ አሮጌዋን የመስክ መኪናዬን በዱላ ጫፍ ሲነካካት ግን ደሜ ፈላ።

“ጓድ፣ ይህች መኪና ከቆመች ሦስት ወሯ ነው። የማትሄድ ከሆነ ተፈታታ ለሌሎች መለዋወጫ ትሆናለች” አለኝ።

“ማነው አትሄድም ያለህ?”

“እንግዲያው እሁድ ለደን ተከላው ዘመቻ ችግኝ ጭነው እንጦጦ ያውጧት። ከወጣች የእርስዎ ናት። ካልወጣች ሰኞ ትጎተታለች።”

“እንጦጦ ብቻ? እኔ ደግሞ ራስ ዳሽን የምትለኝ መስሎኝ!”

እውነቱን ለመናገር ከግቢው በር መውጣቷንም እጠራጠር ነበር። ራዲያተሯ ከወንፊት የሚለየው በስሙ ብቻ ነበር። ማርሚታዋ ሲጮኽ እስከ መገናኛ ድረስ ያለ ሰው ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን ልብስ ያነሳል። ቢሆንም አልሰጣትም። ክፍሎቹን የወረስኳቸው ከአባቴ ነው፤ መኪናዋን ግን የገዛኋት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ኮት ለብሼ ነው።

ከወንዙ ማዶ፣ ሙያውን ከአንድ ጣሊያን የተማሩ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። መጡና ከሥሯ ገቡ። በጣም ከመቆየታቸው የተነሳ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ ልጠይቅ ስል ወጡ።

“ልጄ፣ ይህች መኪና በሽታ የላትም” አሉኝ። ደስ አለኝ። “በሽታው ነው መኪና ያለው።”

ራዲያተሩን ማስበየድ የአንድ ወር ደመወዜን ይበላል። የነዳጅ ፓምፑ ጭራሽ ሞቷል፤ አዲስ በከተማው የለም፤ በጓሮ በር የሚሸጥ ቢገኝ እንኳ ቤተሰቤ ሦስት ወር መጾም አለበት። እሁድ ደግሞ አራት ቀን ብቻ ነው የቀራት።

“ጋሼ፣ ያለ ገንዘብ የሚሠራ መላ የለዎትም?”

“ተልባ አለ?” አሉኝ። “ሁለት ማንኪያ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምር። ውሃው ሲሞቅ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።”

ባለቤቴ የወቀጠችውን ተልባ ከነጣሳው ሳነሳ ደረሰችብኝ።

“እኔ በጾም ጉሮሮዬን የማርስበትን ለብረት ልታጠጣው ነው?”

“እሷስ መቼ ፍስክ በልታ ታውቃለች?” አልኳት። ቀበሌን ለማሸነፍ ሁለት ማንኪያ የት ይደርሳል ብዬም ጣሳውን እንዳለ ገለበጥኩት።

ለፓምፑ ግን ተልባም አይሠራም። መካኒኩ አሰብ አድርገው፣ “ነዳጁ ያለው ከኋላ ነው፣ ሞተሩ ከፊት” አሉኝ። “አቀበት ላይ ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፑ ነበር። ሜዳውን ያለ እሱም እንደምንም ትሄዳለች፤ አቀበቱን ግን አትችልም። ስለዚህ ፊቷን ወደ ታች አዙረህ በኋላ ማርሽ ውጣ፤ ያኔ ነዳጁ ራሱ ቁልቁል ይፈስላታል።”

እሁድ ጠዋት ችግኙ ተጫነ። ሊቀመንበሩ በዓይኑ ሊያይ ከጎኔ ተቀመጠ፤ የቀበሌው ሰው ዶማና የውሃ ባልዲ ይዞ በእግሩ ተከተለን። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ አቀበቱ ሲጀምር መኪናዋን አዞርኩና የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

“ጓድ! ወዴት ነው?”

“ወደ እንጦጦ።”

“እንጦጦ እኮ ከኋላችን ነው!”

“ለዚህ አይደል ወደ ኋላ የምሄደው?”

አንገቴ እንደ ጉጉት ተጠመዘዘ። የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀው ቆሙ። አንዷ፣ “ጋሼ፣ ምን አስቀይመናት ነው ጀርባዋን የሰጠችን?” አለችኝ።

“ኧረ እትዬ፣ ለከተማው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ብላ ነው!”

መንገዱ ሲጋመስ ጣሳ ሙሉው ተልባ ሥራውን ሠራ። ቀዳዳውንም የውሃ መተላለፊያውንም አንድ ላይ ደፍኖት ኖሮ ክዳኑ ተፈናጠረና ትኩስ ተልባ የፊት መስታወቱን አለበሰው። ደግነቱ ወደ ፊት ማየት አያስፈልገኝም ነበር። እስክትበርድ ጠብቀን ከባልዲዎቹ አንዱን ስቀበል ሊቀመንበሩ ጮኸ፦

“ለችግኙ የመጣ ውሃ ነው!”

“መኪናዋ ካልደረሰች የቱን ችግኝ ልታጠጣ ነው?”

እንዲህ እያጠጣን፣ እየቆምን፣ እየተነሳን ጫፍ ደረስን። ሊቀመንበሩ ወረደ፤ ልብሱን አራገፈ።

“በኋላ ማርሽ የወጣ አይቆጠርም” አለ።

ሰው ሁሉ ዶማውን ተደግፎ ይመለከተን ጀመር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። “‘ያውጧት’ አልክ እንጂ በየትኛው ጫፏ አላልክም። ወጣች ወይስ አልወጣችም?”

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ “ወጥታለች እንጂ! አንተም ተቀምጠህባት አይደል የመጣኸው?” አሉት። ተራራው በሳቅ ተናወጠ፤ ሁለት ባሕር ዛፍ ሳይወድቅ አልቀረም።

ማኅተሙን ከኪሱ እንደማይለይ አውቃለሁ። ወረቀት አቀበልኩትና “በሥራ ላይ ያለች ብለህ ጻፍ” አልኩት። ጻፈ። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ማኅተሙን ሲመታው፣ ብረቱ ከመጋሉ የተነሳ ቀለሙ ወዲያው ደረቀ።

“በሉ እንውረድ” ብሎ በሩን ከፈተ።

“ግባ። ስለ ፍሬኑ ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም” አልኩት።

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ከሰዎቹ ጋር በእግሩ ወረደ። እኔ ወረቀቴን በደረት ኪሴ ይዤ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከቀንድ አውጣ ጋር እየተሽቀዳደምኩ፣ በየመታጠፊያው ክላክስ እያስጮህኩ ወረድኩ። ከዕቃዎቿ ሁሉ ደህና የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር።